የእናት ወይም የአባት ሳይነስ አልለቅ ሲል ከጥርሳቸው ጀምሩ

በደሴም በኮምቦልቻም «ሳይነሴ ተነሳብኝ» የሚሉ አዛውንት የሌሉበት ቤት ማግኘት ያስቸግራል። የጦሳ ተራራ ብርድ፣ የክረምቱ ጭጋግና የምድጃው ጭስ ይወቀሳሉ። ከፋርማሲ አሞክሲሲሊን ይገዛል፤ ሁለት ሳምንት ጋብ ይላል፤ ከዚያ ያው የፊት መክበድ፣ ያው የሚሸት ፈሳሽ ይመለሳል። ይህ ሁሉ ዓመት ሲያልፍ አፋቸውን ከፍቶ ያየ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የለም።

ብርድና ጭስ አፍንጫን ያስቆጣሉ፤ እውነት ነው። ነገር ግን በአንድ ወገን ብቻ የሚሸት መግል የሚያመጡት እነሱ አይደሉም። ሕመሙ በአንድ ጉንጭ ብቻ ከሆነ፣ ፈሳሹ ከሸተተ፣ በመድኃኒት ጋብ ብሎ ከተመለሰና ከ12 ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ጥርሱ በደንብ ታይቶ ነፃ እስኪባል ድረስ ምንጩ ጥርስ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ወላጃችሁን የምታስታምሙ ልጆች ልትሠሩት የምትችሉትን ከቤት እስከ ሐኪም ቤት በቅደም ተከተል እንይ።

ጥርሱና ሳይነሱ ጎረቤት ናቸው

ከዓይን በታች፣ ከጉንጭ አጥንት ውስጥ፣ በግራም በቀኝም ሳይነስ የሚባል ባዶ ክፍል አለ። በአዋቂ ሰው 15 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ማለትም ሦስት የሻይ ማንኪያ ውሃ ይይዛል። ወለሉ ያረፈው በላይኛው መንጋጋ ጥርሶችና ከእነሱ ፊት ባለው ጥርስ ሥሮች ላይ ነው። በብዙ ሰው መሀላቸው ያለው አጥንት በጣም ስስ ነው፤ በአንዳንዱ ጭራሽ አጥንት የለም፣ ስስ ሽፋን ብቻ ነው የሚለያቸው። ጥርሱ ተቦርቡሮ ሥሩ ጫፍ ላይ መግል ከቋጠረ፣ ያ መግል ወደ ድድ ከመውረድ ይልቅ ወደ ላይ፣ ወደ ሳይነሱ መግባት ይቀለዋል።

የዚህ ክፍል መውጫ ደግሞ ወለሉ ላይ አይደለም፤ ከላይ ወደ አፍንጫ በሚወስደው ግድግዳ ላይ ነው። ከታች ቀዳዳ የሌለው በርሜል አድርጋችሁ አስቡት። ጤነኛ ሲሆን ከዓይን የሚሰወሩ ፀጉር መሰል ነገሮች ንፍጡን ሽቅብ እየገፉ ያስወጡታል። ሽፋኑ ሲያብጥ መውጫው ይደፈናል፣ የገባው መግል ይቀመጣል። አንቲባዮቲክ መግሉን ለጊዜው ያደርቀዋል፤ ከታች ያለው የሞተ ጥርስ ግን በማግስቱም እዚያው ነው። ተመላልሶ የሚነሳበት ምክንያት ይሄ ነው።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጥርሱ ላያም ይችላል። ውስጡ ያለው ነርቭ ከሞተ ቀዝቃዛም ትኩስም አይሰማውም። ስለዚህ «ጥርሴንስ አያመኝም» የሚለው መልስ ጥርሱን ነፃ አያወጣውም። ተቃራኒውም አለ። ሳይነሱ ራሱ ሲቆጣ ከላይ ያሉ ሦስት አራት ጤነኛ ጥርሶች አንድ ላይ ይጠዘጥዛሉ፤ በዚህ የተነሳ ጤነኛ ጥርስ ይነቀላል። የትኛው የትኛውን እንዳመጣ ሳይታወቅ አንቲባዮቲክ መደጋገምም ሆነ ጥርስ ማስነቀል አትጀምሩ።

እቤት ውስጥ መጠየቅና ማየት

አዛውንት «እንዴት ነዎት?» ሲባሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ይላሉ፤ በቃ። የተለየ ነገር ጠይቁ። «እማዬ፣ የሚፈስዎት በየትኛው በኩል ነው?» «አባዬ፣ ሲሰግዱ ግንባርዎ መሬት ሲነካ በአንዱ ጉንጭ ይከብድዎታል?» «በየትኛው ወገን ነው የሚያኝኩት?» በአንድ ወገን ብቻ ማኘክ ከጀመሩ የተውት ወገን ምክንያት አለው። «ውሃ ወይም ቡና ሲጠጡ ወደ አፍንጫ የሚያመልጥ አለ?» «ከላይ በኩል የተነቀሉት ጥርስ መቼ ነበር?» መኪና ከደሴ ሐረጎን ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ አንዱን ጉንጭ የሚወጋቸው ከሆነም ጻፉት፤ መውጫው የተደፈነ ሳይነስ ከፍታ ሲቀንስ ይጨነቃል።

ቀጥሎ በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ አስቀምጧቸው። እጃችሁን ታጠቡ፤ የስልክ መብራትና ንጹሕ የሻይ ማንኪያ ያዙ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለ ይውለቅ። በማንኪያው ጀርባ ጉንጫቸውን ገለጥ አድርጋችሁ የላይኛውን መንጋጋ ከውጭ በኩል እዩ። የምትፈልጉት እነዚህን ነው፦ የጠቆረ ወይም የተሰበረ ጥርስ፣ ድድ ውስጥ የቀረ ስባሪ፣ የረገፈ ሙሌት፣ ከጥርሱ በላይ ድዱ ላይ የብጉር ጫፍ የመሰለች ነጥብ። ያቺ ነጥብ አንድ ቀን አብጣ፣ ሌላ ቀን ፈርጣ ጨው ጨው የሚል ፈሳሽ ታወጣና ትጠፋለች። ካገኛችኋት የዚያ ጥርስ ሥር መግል ይዟል ማለት ነው ብላችሁ ለሐኪም አሳዩ፤ ፎቶም አንሱት፣ በቀጠሮው ቀን ላትኖር ትችላለች።

ከዚያ በማንኪያው እጀታ ጥርሶቹን ቀስ ብላችሁ ኳ፣ ኳ አድርጉ። ከጤነኛው ወገን ጀምሩ፤ እንዲለምዱት። «ከዚህኛውና ከዚያኛው ልዩነት አለው?» በሉ። አንዱ ብቻ ከተለየ እሱን ጻፉ፤ ሁሉም በአንድ ወገን እኩል ካመማቸው ሳይነሱ ራሱ የመሆኑ ዕድል ይጨምራል። በመርፌ መነካካት፣ ብጉሯን መጭመቅ፣ የተነቀለ ጥርስ ቀዳዳ ውስጥ ስቴኪኒ መክተት ክልክል ነው።

ለአንድ ሳምንት ደብተር ያዙ። ጠዋት የወጣው ፈሳሽ ቀለም፣ ሽታ፣ ወገን፣ ትኩሳት፣ የወሰዱት መድኃኒት። በሌላው ገጽ ደግሞ ባለፉት ሁለት ዓመታት የወሰዱትን አንቲባዮቲክ ሁሉ ስሙን፣ ለስንት ቀን እንደነበረና ስንት ቀን ቆይቶ እንደተመለሰ ጻፉ። «ብዙ መድኃኒት ወስዳለች» የሚለው ቃል ለሐኪሙ ምንም አይነግረውም፤ «በስድስት ወር ውስጥ አራት ጊዜ፣ በየጊዜው በ15 ቀን ተመለሰ» የሚለው ግን ብዙ ይነግረዋል።

ሐኪም ቤት፦ ምን ይዞ፣ ምን ጠይቆ

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካላችሁ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የሪፈር ወረቀት ያዙ። ሳትይዙ በቀጥታ ሆስፒታል ከሄዳችሁ ወጪው በእናንተ ላይ ሊወድቅ ይችላል። (ይህ መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዷ እዚሁ ደቡብ ወሎ ያለችው ተሁለደሬ ነበረች፤ አሠራሩን የሚያውቅ ሰው በቅርብ አታጡም።) ሰው ሠራሽ ጥርስ በመድኑ አይሸፈንም፤ ለእሱ ለብቻ አስቡ። ከጤና ጣቢያው ሪፈር የምትሄዱት ወደ ደሴ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከሆነ፣ ወረቀቱ ላይ «የጥርስ» ብቻ ወይም «የአንገት በላይ» ብቻ ተብሎ እንዳይጻፍ ጠይቁ። ሁለቱም ክፍሎች ሊያዩዋቸው ይገባል። የጥርስ ሐኪሙ «አፍንጫ ነው»፣ የአንገት በላይ ሐኪሙ «ጥርስ ነው» እያሉ ወላጅን ማመላለስ የሚመጣው አንዱ የሌላውን ጽሑፍ ባለማየቱ ነው። ደብተራችሁ መሀል ላይ ያለ ድልድይ ይሁን፤ እያንዳንዱ ሐኪም ያለውን በሁለት መስመር እንዲጽፍላችሁ በትሕትና ለምኑ።

በፌስታል የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነካርቶኑ ይዛችሁ ሂዱ። ይህን የምንለው ለወግ አይደለም። አምሎዲፒን የሚባለው የደም ግፊት መድኃኒት በአንዳንድ ሰው ድድ ያሳብጣል፤ ዋርፋሪን የሚባለውን ደም አቅጣኝ የሚወስድ ሰው ጥርስ ሲነቀል ብዙ ይደማል፤ ለአጥንት መሳሳት የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ከነቀላ በኋላ የመንጋጋ አጥንት እንዳይድን ያደርጋሉ። ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ያላቸው ደግሞ ከነቀላው በፊት መከላከያ አንቲባዮቲክ ይታዘዝላቸዋል። ዋርፋሪንም ሆነ አስፕሪን «ነገ ሊነቀሉ ነው» ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ፤ የሚወስነው ያዘዘው ሐኪም ነው።

ፎቶውን በተመለከተ፣ ተራው የፊት ራጅ ብዙ ያመልጠዋል። ለጥርሱ የሥሩን ጫፍ የሚያሳይ የጥርስ ራጅ ይነሳል፤ በላይኛው መንጋጋ ግን የሳይነሱ ጥላ ስለሚደራረብ የሥሩ መግል ሊደበቅ ይችላል። ጥርጣሬው ከቀጠለ ቁርጡን የሚያሳየው ሲቲ ስካን ነው። ማዘዣው ሲጻፍ «የላይኛው ጥርስ ሥሮች ጭምር እንዲታዩ» የሚል እንዲጨመርበት ጠይቁ። የሳይነስ ሲቲ ውጤት ሲጻፍ ስለ ጥርሱ አንድም ቃል ሳይነሳ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ፎቶው ላይ እያለ። ሲዲውን ወይም ፊልሙን ተቀበሉ፣ ለጥርስ ሐኪሙም አሳዩ፤ የወረቀቱ ውጤት ብቻውን አይበቃም።

ጥርሱ ጥፋተኛ ከሆነ

ሁለት መንገድ አለ፤ የሥር ሕክምና (ሩት ካናል) ወይም መንቀል። ጥርሱ ጠንካራ ግድግዳ ካለውና የማይነቃነቅ ከሆነ ሩት ካናል ያድነዋል፤ ግን ሁለት ሦስት ቀጠሮና ትዕግሥት ይጠይቃል፣ በመጨረሻም ጥርሱ እንዳይሰበር መሸፈን አለበት። ግማሹ የሄደ፣ የተሰነጠቀ ወይም የሚነቃነቅ ከሆነ መነቀሉ ይሻላል። ለ75 ዓመት እናት አራት ቀጠሮ ከኮምቦልቻ ደሴ መመላለስ ከባድ ነው፤ ይህን ለሐኪሙ በግልጽ ንገሩት፣ ውሳኔው ውስጥ መግባት ያለበት ነገር ነው።

ለነቀላው ቀን ጠዋት ቁርስ በልተው፣ የግፊትና የስኳር መድኃኒታቸውን እንደወትሮው ወስደው ይሂዱ። በባዶ ሆድ የሚሄድ የስኳር ሕመምተኛ ወንበሩ ላይ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። ግፊታቸው 180/110 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ አስቸኳይ ካልሆነ በቀር ነቀላው ለሌላ ቀን ይዛወራል፤ በዚህ አትናደዱ። ጥርሱ ሲወጣ አሳዩን በሉ። የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ብዙውን ጊዜ ሦስት ሥር አለው፦ ሁለት ወደ ጉንጭ፣ አንድ ወደ ላንቃ። ቁጠሩ። አንዱ ሥር ተሰብሮ ከቀረ ወይም ወደ ሳይነሱ ከገባ ዛሬውኑ መታወቅ አለበት፤ ለዓመታት የሚመላለስ ሳይነስ አንዱ መነሻ እንዲህ ያለ የተረሳ ስባሪ ነው። (የጥበብ ጥርስ ሥሮች ግን ተጣብቀው አንድ መስለው ሊወጡ ይችላሉ።)

ከነቀላ በኋላ ጎዙን ከ30 እስከ 45 ደቂቃ አጥብቀው ይንከሱ። የዚያን ቀን መጉመጥመጥ፣ መትፋት፣ በስትሮ መጠጣት፣ ትኩስ ቡናና ጫት አይሆንም፤ ቀዳዳውን የሚሸፍነው የረጋ ደም ከተነሳ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ጆሮ ድረስ የሚጠዘጥዝ ሕመም ይመጣል። ከ24 ሰዓት በኋላ ለብ ባለ የጨው ውሃ ቀስ ብለው ይያዙና ያፍሱት። የተነቀለው ከላይ ከሆነ ለሁለት ሳምንት አፍንጫ በኃይል መናፈጥ ክልክል ነው፤ ማስነጠስ ከመጣ አፍ ተከፍቶ ይነጠስ። አፍንጫ ተይዞ የሚነጠስ ማስነጠስ በቀዳዳው ነፋስ ይገፋና ገና ያልጠናውን ስስ ሽፋን ይቀድደዋል።

ውሃ ሲጠጡ በአፍንጫ ከወጣ፣ በጥርሱ ቦታ ነፋስ ከተሰማቸው ወይም ጨው ጨው የሚል ነገር ወደ አፋቸው ከወረደ፣ በአፍና በሳይነስ መሀል ቀዳዳ ተከፍቷል ማለት ነው። ከ2 ሚሊ ሜትር ያነሰ ብዙውን ጊዜ ራሱ ይገጥማል። ከዚያ የሰፋው ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላም ያልገጠመው በድድ ሽፋን ተሰፍቶ ይዘጋል። ሳይነሱ መግል ይዞ እያለ መስፋት ግን አይይዝም፤ መጀመሪያ መጽዳት አለበት።

ጥርሱ ከታከመ በኋላ ሳይነሱ በራሱ ጊዜ ይጸዳል፤ ሳምንታት ይወስዳል። ሁለት ሦስት ወር ጠብቆ ካልጸዳ የአንገት በላይ ሐኪሙ መውጫውን በቀጭን ካሜራ የመክፈት ቀዶ ሕክምና ያነሳላችኋል። በአንዳንድ ሰው ደግሞ ሁለቱ ሕክምናዎች ተከታትለው ይሠራሉ።

አፍንጫ ማጠብ

ከቤት ሥራችሁ ሁሉ የሚጠቅመው ይህ ነው፤ በትክክል ከተሠራ። ውሃውን ከቧንቧ በቀጥታ አትጠቀሙ፤ የሚጠጣ ውሃ ለአፍንጫ ውስጥ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስላለች ውሃዋ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ስለዚህ ተንተክትኮ ከፈላ በኋላ ቢያንስ 3 ደቂቃ ይቆይ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፤ ከ2,000 ሜትር በታች 1 ደቂቃ ይበቃል ቢባልም 3 ደቂቃ ብታደርጉ ከሰል ከማለቁ በቀር ምንም አይጎዳም። ተከድኖ ለብ እስኪል ይቀዝቅዝ።

ለ1 ሊትር ውሃ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው፣ 9 ግራም ገደማ። ማንኪያው ተራራ አይሁን፣ አፉ በቢላ ይስተካከል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ቢጨመር ማቃጠሉን ያለሰልሰዋል፤ ቤኪንግ ፓውደር ግን ሌላ ነገር ነው፣ አታምታቱት። ጨው ያነሰውም የበዛውም ያቃጥላል፤ ሰው «አልቻልኩትም» ብሎ የሚተወው አብዛኛውን ጊዜ በመጠኑ ስህተት ነው። የተዘጋጀው ከ24 ሰዓት በላይ አይቀመጥ።

መርፌው የወጣለት 20 ሚሊ ሲሪንጅ ይበቃል። ወላጃችሁ ሳፋ ላይ ጎንበስ ብለው፣ ራሳቸውን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርገው፣ አፋቸውን ከፍተው በአፍ ይተንፍሱ። ሲሪንጁን በላይኛው አፍንጫ አስገብታችሁ፣ ወደ አናት ሳይሆን ወደ ጀርባ፣ ቀስ ብላችሁ ግፉ፤ ውሃው በሌላኛው አፍንጫ ይወጣል። «ካ… ካ… ካ» እያሉ ቢተነፍሱ ወደ ጉሮሮ የሚወርደው ይቀንሳል። በአንድ አፍንጫ ከአምስት እስከ ስድስት ሲሪንጅ፣ ቀን ሁለቴ። ጨርሰው አንዱን አፍንጫ ብቻ ሳይደፍኑ በቀስታ ይናፈጡ። ጆሮ ካመማቸው ግፊታችሁ በዝቷል። የታጠበው ውሃ በአፍ ውስጥ በጥርሱ ቦታ ከወጣ ያው ቀዳዳ አለ ማለት ነው፤ አቁሙና ለሐኪም ተናገሩ። በስትሮክ ምክንያት መዋጥ ለሚቸግራቸው ይህ ዕጥበት ያለ ሐኪም ምክር አይደረግ። ሲሪንጁን በየቀኑ በሳሙና አጥባችሁ፣ በፈላ ውሃ አለቅልቃችሁ አድርቁ።

የጾም ጊዜ ሲሆን ያው ነገር ሰዓቱ ይዛወራል፦ በረመዳን ከኢፍጣር በኋላና ከስሑር በፊት፤ በዐቢይ ጾምም ከቅዳሴ በኋላና ማታ። ከመተኛት በፊት ግን አንድ ሰዓት ይቀድም፤ የቀረ ውሃ ትራስ ላይ ይወርዳል፣ ያስላቸዋል።

በአንገት በላይ ሐኪም የታዘዘ የአፍንጫ ስፕሬይ ካለ ከዕጥበቱ ሩብ ሰዓት በኋላ ነው። በቀኝ እጅ ለግራ አፍንጫ፣ በግራ እጅ ለቀኝ፤ ጫፉ ወደዚያው ወገን ዓይን ጫፍ ይዙር እንጂ ወደ መሀሉ ግድግዳ አይሁን፤ እዚያ ከተረጨ ይደማል። በኃይል ወደ ውስጥ መሳብ መድኃኒቱን ጉሮሮ ውስጥ ይከተዋል። ስቴሮይድ ያለበት ስፕሬይ ሥራው የሚታየው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ በአራተኛው ቀን «አልሠራም» ተብሎ አይተው።

ያለ ትዕዛዝ የማይሰጥ

አፍንጫን በደቂቃ የሚከፍተው ጠብታ ከአምስት ቀን በላይ ከተወሰደ ራሱ አፍንጫ ይደፍናል፤ ጠብታ የለመደ አዛውንት ሌሊት ያለ እሱ አይተኛም። የጉንፋን ክኒኖች ውስጥ ያለው አፍንጫ ከፋች ንጥረ ነገር ግፊት ያስነሳል፤ እንቅልፍ የሚያመጣው ክሎርፌኒራሚን ደግሞ አፍ ያደርቃል፣ ፕሮስቴት ያለባቸውን አባት ሽንት ያስቸግራል። ዲክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ፣ ኤናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባሉትን የግፊት መድኃኒቶች ለሚወስዱ ወላጅ መስጠት ኩላሊትን ይጎዳል። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይሻላል፤ ሁለት የ500 ሚሊ ግራም ክኒን፣ በየስድስት ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ግራም ሳያልፍ፤ ክብደታቸው ከ50 ኪሎ በታች ከሆነ ወይም ጉበታቸው ከታመመ መጠኑ ይቀንሳል። ከጂዳ ወይም ከዱባይ በእህት የተላከ ኦግመንቲን የእናት ፍቅር ነው፣ እናውቃለን፤ ግን ለየትኛው ጀርም፣ ለስንት ቀን እንደሚወሰድ ያልታወቀ አንቲባዮቲክ ምልክቱን ይሸፍናል፣ ጥርሱን ግን አያክመውም። ፔኒሲሊን ያሳከካቸው ወይም ያሳበጣቸው ከሆነ አሞክሲሲሊንም ኦግመንቲንም ያው ቤተሰብ ናቸው።

በባህር ዛፍ ቅጠል መታጠን ለጊዜው ይከፍታል፤ መግሉን አያወጣም። ከተደረገ ማሰሮው መሬት ላይ ይሁን፣ ጭን ላይ በፍጹም፤ አዛውንት የሚቃጠሉት በዚህ ነው። ነጭ ሽንኩርት ወይም የተፈጨ አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥ ድዱን ያቆስላል። «የጥርስ ትል» ለማውጣት በእንቧይ ፍሬ ጭስ መታጠን ትል አያወጣም፤ ጥርስ ውስጥ ትል የለም።

በየቀኑ

መፋቂያ ጥሩ ነገር ነው፤ የፊት ጥርስን ያጸዳል። የላይኛው የመጨረሻ መንጋጋ ጉንጭ በኩል ግን አይደርስም፤ ሳይነስ የሚያመጣው ደግሞ እሱ ነው። ማታ ከመተኛታቸው በፊት ለስላሳ ብሩሽና ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና ይጨመር፣ ሁለት ደቂቃ፣ አረፋውን ይትፉት እንጂ በውሃ አያለቅልቁት። እጃቸው ከተንቀጠቀጠ የብሩሹን እጀታ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አወፍሩት። ጫት የሚቅሙ አባት ከጎን የሚወስዱት ስኳርና ሻይ ለሰዓታት ጥርስ ላይ ይቆያል፤ ስኳሩን አውጥቶ መሀል መሀሉን ውሃ መጉመጥመጥ ብቻውን ለውጥ ያመጣል። ሰው ሠራሽ ጥርስ ሌሊት ይውለቅ፣ በሳሙና ይታጠብ፣ ውሃ ውስጥ ይደር። ስኳር ካለባቸው ስኳሩ ካልተስተካከለ ድዱም ሳይነሱም አይድንም።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ምልክቶች

የዓይን ዙሪያ ማበጥ፣ ሁለት ሁለት ማየት ወይም የዕይታ መቀነስ፤ ትኩሳት ከአንገት መድረቅ ወይም ከግራ መጋባት ጋር፤ ምላስ ሥር ማበጥ፣ አፍ መክፈት ወይም መዋጥ አለመቻል። ከእነዚህ አንዱ ካለ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል፤ ሌሊትም ቢሆን። ስኳር ባለባቸው ሰው አፍንጫ ወይም ላንቃ ላይ ጥቁር ቅርፊት ከታየ፣ ወይም አንዱ ጉንጭ ከደነዘዘ፣ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፤ ነገ የሚባል አይደለም። ከ50 ዓመት በላይ ሆነው አዲስ የመጣ የግንባር ጎን ራስ ምታት ካለ፣ ሲያኝኩ መንጋጋቸው ከዛለ፣ ይህ ሳይነስም ጥርስም ላይሆን ይችላል፤ የደም ሥር ብግነት ነው ከተባለ ሕክምና በመዘግየቱ ዓይን ይጠፋል።

በቀጠሮ ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚታዩ ደግሞ አሉ፦ በአንድ አፍንጫ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ፣ ያለ ምክንያት የሚነቃነቁ የላይኛው ጥርሶች፣ ድንገት አልገጥም ያለ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ሦስት ሳምንት ያልዳነ የአፍ ቁስል። ዕጢ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ደግሞ «ሳይነስ ነው» ተብሎ መድኃኒት መደጋገም ውድ ጊዜ ይበላል። እንደ ኤሌክትሪክ ለሰከንዶች ብቻ የሚነዝር፣ ፊት ሲታጠቡ ወይም ነፋስ ሲነካቸው የሚነሳ ሕመም የነርቭ ነው፤ በዚህ የተነሳ ጤነኛ ጥርሳቸውን አንድ በአንድ ያስነቀሉ አዛውንት አሉ፣ ሕመሙ ግን አልቀረም።

ሕክምናው ካለቀ በኋላ ደብተሩን አትጣሉት። በአንደኛው ወርና በሦስተኛው ወር ያንኑ የማንኪያ ፍተሻ ድገሙ፣ የድዱን ነጥብ ቦታ እዩ፣ በስግደት ጊዜ ጉንጫቸው ይከብድ እንደሆነ ጠይቁ። ከተመለሰ ያንኑ አንቲባዮቲክ ሳትገዙ፣ ሲዲውን ይዛችሁ ወደዚያው ሐኪም ሂዱና «ሥሩ ሁሉ ወጥቷል? ከጎኑ ያለው ጥርስስ ታይቷል?» ብላችሁ ጠይቁ።